የደጃፍ ድንጋይና የሸክላ ጡብ ደረጃ ጥገና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎረቤትም ዘመድም ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል።

ደረጃዬ ጥገና እንደሚያስፈልገው በምን አውቃለሁ?

በጆሮና በእግር ይታወቃል። በመዶሻ እጀታ እያንዳንዱን መርገጫ ቀስ ብለው ያንኳኩ። ከሥሩ የሞላ ድንጋይ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የተቦረቦረው ግን እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ቆመው ክብደትዎን ወደፊትና ወደኋላ ያዛውሩ። በእጅ ሲገፉት ጸጥ ያለ ድንጋይ በእግር ሲረግጡት ይናገራል።

ከዚያ ዝናብ ሲዘንብ ወጥተው ይመልከቱ። ውሃው መርገጫው ላይ ከተኛ፣ ወደ ቤቱ ግድግዳ ከሄደ፣ ወይም ከአሸንዳው በቀጥታ ደረጃው ላይ ከወረደ ምክንያቱን አገኙት። ካየኋቸው የተፈቱ ደረጃዎች አብዛኞቹን የፈታቸው ውሃ ነው፤ የሰው እግር የሚጨርሰው ውሃ የጀመረውን ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ ከመግዛትዎ በፊት የውሃውን መንገድ ያስተካክሉ። አሸንዳው ሳይታጠፍ የተጠገነ ደረጃ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ቦታ መልሶ ይሰነጠቃል።

ራሴ ልሠራው እችላለሁ ወይስ ግንበኛ ልጥራ?

አንድ ሁለት የተነቃነቀ ድንጋይ፣ የረገፈ መገጣጠሚያ፣ የተሰበረ ጡብ ከሆነ ትዕግሥት ያለው ሰው በቅዳሜና እሑድ ይጨርሰዋል። ደረጃው ሙሉ በሙሉ ፈርሶ የሚሠራ ከሆነ፣ ከሥሩ ክፍል ካለ፣ ወይም ተንጠልጣይ አርማታ ሆኖ ፌሮው ከታየ ግን ባለሙያ ይጥሩ። የዛገ ፌሮ ላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ጉዳቱን ከዓይን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም።

ግንበኛ ሲጠሩም ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ አሮጌውን ሲሚንቶ ጠርቦ ያነሣል ወይስ በላዩ ይለስናል? ሥራው ካለቀ በኋላ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? በመልሱ ሙያውን ያውቁታል።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልጋል?

መዶሻ፣ ሰፊና ጠባብ መሮ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የግንበኛ ማንካ፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ሁለት ባልዲ፣ አካፋና ጥቂት አሮጌ ጆንያ። ድንጋይ የሚነሣ ከሆነ ዲጂኖና አንድ ሁለት ቁራጭ ሞራሌ ይጨምሩ። ግራይንደር ሥራ ያቀላል፣ ግን የግድ አይደለም፤ ደግሞም ባልለመደ እጅ የጡብን ጠርዝ በአንድ አፍታ ያበላሻል።

የጎማ ጓንትና መነጽር የሚታለፉ አይደሉም። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ድንጋይ ሲጠርቡም ሆነ ሲቆርጡ በውሃ ያርጥቡት፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

በየትኛው ወር ብሠራው ይሻላል?

በደጋና በወይና ደጋ አገር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ እየረጋ ነው፣ ፀሐዩም ገና አልከረረም። በክረምት የተሠራ ትኩስ ሲሚንቶ ይታጠባል። በየካቲትና በመጋቢት ከሠሩ ማለዳ ይጀምሩ፣ የሠሩትንም በጥላ ያቆዩት። እንደ ደብረ ብርሃን ውርጭ በሚጥልበት አገር የሌሊቱን ብርድ ለመከላከል በጆንያና በላስቲክ ይሸፍኑ።

ሲሚንቶና አሸዋው በምን ልክ ይቀላቀላል? የትኛው ሲሚንቶስ?

በባልዲ ለክተው፣ ለድንጋይ መደብ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ፤ ለድንጋይ መገጣጠሚያ አንድ ለሦስት። ለሸክላ ጡብ ለስለስ ያለ ድብልቅ ይሻላል፦ አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ። መጀመሪያ በደረቁ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ያገላብጡ፤ ከዚያ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ። በጓንት እጅዎ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ከያዘና በጣቶችዎ መሃል ውሃ ካልወረደ ልኩ ነው። የሲሚንቶ ቡኮ በአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ማለቅ አለበት። መጠጠር ከጀመረ በኋላ ውሃ ጨምሮ ማደስ ጉልበቱን ይገድለዋል፤ ቢያሳዝንም ይደፋ።

ለዚህ ሥራ ፒፒሲ የሚባለው የሲሚንቶ ዓይነት ይበቃል። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አብሮ የተፈጨበት ስለሆነ ጉልበቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው፤ ለረጅም ቀን ውሃ ይፈልጋል። ኦፒሲ የሚባለው ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ቶሎ ይጠነክራል፣ ግን ቦታው አርማታ ነው። «ሲሚንቶ ባበዛሁ ቁጥር ይጠነክራል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ደረጃ አበላሽቷል። ሲሚንቶ የበዛበት ድብልቅ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ከጡቡ በላይ ከጠነከረ ደግሞ ጡቡ ሲንቀሳቀስ የሚሰበረው መገጣጠሚያው መሆኑ ቀርቶ ራሱ ጡቡ ይሆናል።

ስለ አሸዋው አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ ይሙሉ፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምረው በደንብ ይናጡት፣ ጥቂት ሰዓት ይተዉት። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ ደለሉ ከላይ እንደ ቅባት ይጋረዳል። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደለሉ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። በአገራችን የግንባታ ሥራ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ ይታጠባል ወይም ይመለሳል። ደለል ሲሚንቶው አሸዋውን እንዳይጨብጥ ያደርጋል፤ በጣት ሲፍቁት የሚረግፈው መገጣጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው።

ስንት ሲሚንቶ ልግዛ?

ከሚገምቱት ያነሰ። አንድ ሜትር ከሃያ የሚረዝም፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መርገጫ በ3 ሴንቲ ሜትር መደብ ለማስቀመጥ 11 ሊትር ያህል ቡኮ ይበቃል፤ ሲሚንቶው ከብክነቱ ጋር 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንዱ የ50 ኪሎ ከረጢት ለአሥር መርገጫ ይደርሳል ማለት ነው። የተከፈተ ሲሚንቶ እርጥበት ይስባልና ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት ጥሩ ነው። ከረጢቱ ውስጥ በጣት የማይፈረፈር ጓል ያበጀ ሲሚንቶ ለደረጃ አይሆንም።

የሚነቃነቅ የድንጋይ መርገጫ እንዴት ይስተካከላል?

ከሁሉ በፊት ክብደቱን ይወቁ። አንድ ሜትር የሚረዝም፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ 15 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጥቁር ድንጋይ 125 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ብቻዎን አያንሡት። በዲጂኖ ሲፈነቅሉ ከሥሩ ሞራሌ ያስገቡ፤ የጎረቤቱ ድንጋይ ጠርዝ እንዳይሰበር፣ ጣትም እንዳይያዝ። ከመነሣቱ በፊት በጠመኔ ፊቱንና ጎኑን ምልክት ያድርጉበት። ለዓመታት ተቀምጦ የቦታውን ቅርጽ ለምዷልና ተገልብጦ ሲመለስ አይገጥምም። ከአንድ በላይ የሚነሡ ከሆነ የላይኛው የታችኛውን ጀርባ ስለሚጫን ሲያነሡ ከላይ ወደ ታች፣ ሲመልሱ ከታች ወደ ላይ ነው።

ድንጋዩ ሲነሣ ሥሩን በደንብ ይዩ። አሮጌውን ሲሚንቶ ከድንጋዩም ከመደቡም በመሮ ጠርበው ያንሡ፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ ብናኙን ይጥረጉ። ከሥሩ አፈሩ ተቦርቡሮ ካገኙት እስከ ጠንካራው ይቆፍሩና በገረጋንቲ እየደለደሉ ወይም በድንጋይ ፍንካችና በአርማታ ይሙሉት። የተቆፈረውን አፈር መልሶ ማልበስ ሥራውን በዜሮ ማባዛት ነው።

ከዚያ መደቡንም የድንጋዩንም ሆድ ያርጥቡ፤ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። እንደ አጥሚት የቀጠነ ሲሚንቶ በብሩሽ ቀብተው ሳይደርቅ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቡኮ በሙሉ መደቡ ላይ ያንጥፉ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ፦ በአራቱ ማዕዘንና በመሃል አምስት ጉብታ አስቀምጦ ድንጋዩን መጫን የተለመደ አሠራር ሆኗል። ያን ቀን ያምራል። በጉብታዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ግን የውሃ ጎተራ ይሆንና ድንጋዩ በሁለተኛው ክረምት ይነቃነቃል። ድንጋዩን ካስቀመጡ በኋላ እንጨት ደግፈው በመዶሻ እየነኩ ያስተኙት። በርዝመቱ ውሃ ልክ ይሁን፤ በስፋቱ ግን ወደፊት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያዘንብል። ይህች ትንሽ ተዳፋት ናት ውሃውን ከቤትዎ የምታርቀው።

ድንጋዩ ጠንካራ ነው፣ መገጣጠሚያው ብቻ ረግፏል። ከላይ ብለስነውስ?

ከላይ የተለሰነ ሲሚንቶ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ግንበኞች ፖይንቲንግ የሚሉት ሥራ ጥልቀት ይፈልጋል። አሮጌውን ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ጠርበው ያውጡ፣ በውሃ ያጥቡ፣ ጠጣር ያለ ቡኮ በቀጭን ማንካ እየገፉ በሁለት ዙር ይሙሉት። መጀመሪያ የገባው ጣት ሲነካው መጠጠር ሲጀምር ሁለተኛውን ይጨምሩ፣ ከዚያ አፉን ጠቅጥቀው ያለስልሱት። ድንጋዩ ፊት ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ይጥረጉ።

የሸክላ ጡቡ ጫፍ ተሰብሯል። በሲሚንቶ ቅርጽ ባወጣለትስ?

ጫፍ ሁሉም ሰው የሚረግጠው ቦታ ነው፤ በሲሚንቶ የተሞላ ጫፍ ጥቂት ወር አይቆይም። ጡቡን ማውጣት ይሻላል። ዙሪያውን ያለውን መገጣጠሚያ በጠባብ መሮ ይጥረቡ፣ የተሰበረውን ከመሃሉ ሰባብረው ያውጡ፣ ጎረቤቶቹን አይምቱ። አንዳንዴ ጡቡ ደህና ሆኖ አንድ ጎኑ ብቻ ሲሰበር አዙሮ መልሶ መክተት ይበቃል፤ አዲስ ከመግዛት በፊት ይህን ይሞክሩ፣ ቀለሙም አይለይም።

አዲስ ሲገዙ ድፍን ጡብ ይምረጡ፤ ቀዳዳ ያለው ለግድግዳ ነው። ሁለቱን እርስ በርስ ሲያጋጩ ጥርት ብሎ የሚጮኸው በደንብ የተተኮሰ ነው፤ ድምፁ የታፈነው ውሃ ይጠጣል፣ ይፈረፈራል። ከመገንባትዎ በፊት ውሃ ውስጥ ነክረው ያውጡትና ፊቱ ሲጠፈፍ ያስቀምጡት። ደረቅ ጡብ የቡኮውን ውሃ መጥጦ ሲሚንቶውን ያስርበዋል። የመጨረሻውን የጫፍ ረድፍ ጡቡን በጠባብ ጎኑ አቁመው ቢሠሩት በጠፍጣፋው ከተኛው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ውሃ ማጠጣት የግድ ነው? መቼስ ልረግጠው?

የግድ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነው፤ ውሃው ቀድሞ ካለቀበት እዚያው ላይ ይቆማል። በአክስቴ ቤት የተሠራ ደረጃ አለ፦ ግንበኛው ጨርሶ ሄደ፣ ጊዜው የበጋ ፀሐይ ነበር፣ ሁሉም «ደርቋል» ብሎ ተወው። ለፋሲካ መገጣጠሚያው በመጥረጊያ ይጠረግ ነበር። ሥራው መጥፎ አልነበረም፤ የጎደለው በቀን ሦስት ባልዲ ውሃ ነበር።

በማግስቱ እርጥብ ጆንያ ያልብሱትና ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ ከሆነ 10 ቀን ጆንያው እንዳይደርቅ ያድርጉ። ለሦስት ቀን ማንም አይርገጠው፤ ልጆችና ፍየል ያለበት ቤት መግቢያውን በጣውላ ይዝጉ። ከዚያ በጥንቃቄ መውጣት መውረድ ይቻላል። ቁም ሣጥንና ማቀዝቀዣ የሚያልፍበት ከሆነ ሁለት ሳምንት ይታገሡ። ሙሉ ጉልበቱ የሚለካው በ28 ቀን ነው።

ደረጃው ያዳልጣል፤ ምን ላድርግ?

ምክንያቱ አረንጓዴ ሽበት ከሆነ በበረኪና ይጠፋል፦ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠው ይቀቡት፣ ሩብ ሰዓት ቆይተው በብሩሽ ፈግፍገው ያጥቡ። በረኪናን ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ቦታው ጥላና እርጥብ ሆኖ ከቀጠለ ሽበቱ ይመለሳል፣ ስለዚህ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ መቁረጥም የጥገናው ክፍል ነው።

በእግር ብዛት የተላጠ ድንጋይ ከሆነ ድንጋይ ጠራቢ ጥርስ ባለው መዶሻ ፊቱን ያሻክርልዎታል፤ ኮብልስቶን የሚጠርቡ ወጣቶች ይህን በጥሩ ሁኔታ ይሠሩታል። ወይም ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ሁለት ሦስት ቀጭን ሰረዝ በግራይንደር ማውጣት ይቻላል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ከቤት ውጭ ደረጃ ላይ አለማንጠፍ ነው። ከዝናብ በኋላ ሽማግሌ የሚወጣበት ደጃፍ ለዚያ ውበት መክፈል የለበትም።

ጡቡ ላይ ነጭ ዱቄት እየወጣ ነው። በሽታ ነው?

ጨው ነው። ውሃ ከውስጥ ይዞት ወጥቶ ውሃው ሲተን ፊቱ ላይ ይቀራል። በደረቁ በብሩሽ ይጥረጉት፤ በውሃ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል። ደጋግሞ ከወጣ ውሃ ከኋላ እየገባ ነውና ምንጩን ይፈልጉ። አሲድ አይጠቀሙ፤ በተለይ እንደ መቀሌ ነጭ ድንጋይና እንደ እምነ በረድ ያለውን የኖራ ዘር ድንጋይ ይበላዋል።

የደረጃዎቹ ከፍታ እኩል አይደለም። ይህ ያን ያህል ያሳስባል?

በጣም። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ለክቶ ቀሪውን በልማድ ይወጣል፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያለፈ ልዩነት ሰው ይጥላል፣ በጨለማ ደግሞ ይብሳል። የተለመደው ስህተት ግቢው ወይም በረንዳው በኋላ ሲነጠፍ የታችኛው ደረጃ ማጠር ወይም የላይኛው መርዘም ነው።

አመቺ የሚባለው ከፍታው ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር፣ መርገጫው ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ነው። ሁለት ጊዜ ከፍታው ሲደመር አንድ መርገጫ ወደ 63 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ጉልበት አይደክምም፤ ለምሳሌ 16.5 ከፍታና 30 መርገጫ። አጠቃላይ ከፍታውን በደረጃዎቹ ቁጥር አካፍለው ሲባጎ ይወጥሩና ልዩነቱን ከታች ጀምረው ያከፋፍሉ። አንዱን ደረጃ ብቻ ማስተካከል ስህተቱን ወደሚቀጥለው ማዛወር ነው።

ቤቱ ድሮ በኖራ የተገነባ ነው። በሲሚንቶ ብጠግነው ምን አለበት?

አለበት። ኖራ ለስላሳ ነው፣ እርጥበት ያስተነፍሳል፣ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይታጠፋል። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ በድንጋዩ በኩል እንዲወጣ ያስገድደዋል፤ የሚፈርሰውም ድንጋዩ ይሆናል። ጎንደር ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በሲሚንቶና በብረት አርማታ ከተሠሩ ቀደምት ጥገናዎች ጉዳት ደርሶበት፣ በኋላ እነዚያ ተነሥተው በኖራ ተተክተዋል። የአያትዎ ደረጃ ቤተ መንግሥት ባይሆንም ድንጋዩና ኖራው የሚታዘዙት ለዚያው ሕግ ነው።

ስለዚህ በደንብ የራሰ ኖራ አንድ፣ ንጹሕ አሸዋ ሦስት አድርገው ይጠቀሙ። ኖራ ከአየር ጋር ነው የሚጠነክረው፣ ሳምንታት ይፈጃል፤ በስስ በስሱ ይሠራ፣ ከፀሐይና ከዝናብ ይሸፈን። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ከሆነም ውስጡን በጭቃ ጠግኖ አፉን በኖራ መዝጋት ከሲሚንቶ ቅርፊት ይሻላል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ መሮ ከማንሣትዎ በፊት የአካባቢውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።

የብረት መደገፊያው የተተከለበት ድንጋይ ለምን ተሰነጠቀ?

ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይወስድና ድንጋዩን ከውስጥ ይከፍለዋል። ስንጥቁን ብቻ መሙላት አይጠቅምም። ብረቱ ወጥቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ ጸረ ዝገት ተቀብቶ ወይም ዚንክ በተለበጠ (ጋልቫናይዝድ) ብረት ተተክቶ ይመለስ። ቀዳዳው ከድንጋዩ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አፉም ውሃ እንዳይቋጥር እንደ ትንሽ ጉብታ ከፍ ብሎ ይዘጋ። የተሰነጠቀው ድንጋይ ለሁለት ካልተለየ ኤፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ሊያያዝ ይችላል። ከተለየ ግን ይቀየር፤ መደገፊያ ሕይወት የሚደገፍበት ነው።

ደረጃው በሙሉ ከቤቱ እየተለየ ነው። ክፍተቱን በሲሚንቶ ልሙላው?

መጀመሪያ ይለኩ። በክፍተቱ ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርገው፣ ቀኑን ጽፈው በየወሩ ይመልከቱ። ዓመቱን ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ አሮጌ መስመጥ ነው፤ ሊዘጋ ይችላል። በክረምት እየጠበበ በበጋ እየሰፋ ከሄደ ከሥርዎ ያለው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤቱ በጥልቅ መሠረት ላይ፣ ደረጃው ግን በላዩ አፈር ላይ ከተቀመጠ ሁለቱ አብረው አይንቀሳቀሱም። መሃሉን በሲሚንቶ ቢሞሉት አፈሩ ሲያብጥ ደረጃው ግድግዳውን ይገፋል።

የሚበጀው ደረጃውን አንሥቶ መረሬውን እስከሚቻለው ጥልቀት ማውጣት፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ከዚያ ገረጋንቲ በ15 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እያረጠቡ መደልደል ነው። መልሰው ሲገነቡ በደረጃውና በግድግዳው መሃል የጣት ውፍረት ክፍተት ይተዉና በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዝጉት። የጣሪያውን ውሃ ከዚያ አካባቢ ያርቁ። ቤቱ ራሱ ስንጥቅ ካሳየ ግን ከደረጃው በፊት መሐንዲስ ይምጣ።

የምኖረው ዋሽንግተን ነው፤ የጡብ ደረጃዬ በየክረምቱ ይፈረካከሳል። እዚህም እንዲሁ ይሠራል?

አሠራሩ አንድ ነው፣ ጠላቱ ግን በረዶ ነው። ጡቡ ውስጥ የገባ ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ በአንድ ክረምት ደጋግሞ ሲረጋና ሲቀልጥ የጡቡን ፊት እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል። ሱቅ ውስጥ ተደባልቆ የሚሸጠው «ዓይነት ኤን» የሚባለው ሞርታር (ደረቅ የቡኮ ድብልቅ) ከላይ የጠቀስኩት የአንድ፣ አንድ፣ ስድስት ልክ ነው፤ ለአብዛኛው የውጭ ጡብ ይስማማል። ቤቱ መቶ ዓመት የሞላውና ጡቡ ለስላሳ ከሆነ «ዓይነት ኦ» የሚባለው የባሰ ለስላሳ ይሻላል። ሻጩ «ጠንካራው ይሻልሃል» ብሎ «ዓይነት ኤስ» ቢሰጥዎ ለአሮጌ ጡብ አይውሰዱት።

የአየሩ ሙቀት ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ አይሥሩ፤ ከጥገናው በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ውርጭ የሌለበት ጊዜ እንዲያገኝ እስከ መስከረም አጋማሽ ይጨርሱ። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ጡብንም ሞርታርንም ያበላሻል፤ ካልሲየም ማግኒዚየም አሲቴት የሚባለው የዋህ ነው፣ ለእግር መያዣ ደግሞ ተራ አሸዋ ይበቃል። ውሃ መከላከያ ከቀቡ የሚያስተነፍስ፣ ሲሌን ያለበትን ይምረጡ፤ እንደ ቫርኒሽ የሚያብረቀርቀው እርጥበቱን ውስጥ ይቆልፈዋል። ሰፈሩ በታሪካዊነት የተከለለ ከሆነ የፊት ደረጃን ለመቀየር ፈቃድ ሊጠየቅ ስለሚችል ከተማውን ቀድመው ይጠይቁ።